ኦፍሳይድ ሲቀየር ቀድሞ የነቃው ቻፕማን

እ.ኤ.አ ኦክቶበር 3 ቀን 1925 አርሰናል ወደ ሰሜን እንግሊዝ ተጉዞ በኒውካስል ዩናይትድ 7ለ0 ተደቆሰ። አሰልጣኙ ኸርበርት ቻፕማን ሃይበሪ ከደረሰ ገና ጥቂት ወራት መቆጠራቸው ነው። ሃደርስፊልድ ታውንን ለሁለት ተከታታይ ዓመታት የእንግሊዝ ሻምፒዮን አድርጎ፣ በጊዜው ብዙ በተወራለት የ2 ሺህ ፓውንድ ዓመታዊ ደመወዝ ወደ ለንደን የመጣ ሰው ነውና ሰባት ጎል መቅመስ ቀላል ውርደት አልነበረም። ሁለት ቀን ቆይቶ ግን ያው ቡድን ዌስትሃምን ከሜዳው ውጪ 4ለ0 ረታ። በሁለት ቀን ውስጥ የተገዛ ተጫዋች የለም። የተለወጠው የቡድኑ አሰላለፍ ነው፤ አሰላለፉን ያስለወጠችው ደግሞ ከጥቂት ወራት በፊት የተሻሻለች አንዲት የኦፍሳይድ ህግ ነች።

ኦፍሳይድ ዛሬም የጭቅጭቅ ምንጭ ነው። የጫማ ጫፍ ወይም የትከሻ ጠርዝ ቀድሟል ተብሎ ጎል ሲሻር፣ ደጋፊው ደስታውን አፍኖ የቫርን ውሳኔ ሲጠብቅ ማየት የተለመደ ሆኗል። ህጉ ቡድንን መግደልም ማንሳትም እንደሚችል ከቻፕማን ህይወት በላይ የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ግን ይከብዳል። ሰውየው በመስመር ዋንጫ አግኝቷል፤ በመስመር ዋንጫ ተነጥቋል። በኦፍሳይድ ህጉ መቀየር ሰበብ ደግሞ እስከ ዛሬ ስሙ የሚጠራበትን አርሰናል ሰርቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የከሰል ቆፋሪው ልጅ

ቻፕማን ጃንዋሪ 19 ቀን 1878 በዮርክሻየር፣ ኪቬተን ፓርክ በተባለች የድንጋይ ከሰል ማውጫ መንደር ተወለደ። አባቱ ከመሬት በታች ከሰል የሚቆፍር፣ ማንበብና መጻፍ ያልታደለ ሰው ነበር። የመንደሩ ልጆች ዕጣ ያው ጉድጓድ ቢሆንም ኸርበርት በትምህርቱ በርትቶ ሼፊልድ ውስጥ የማዕድን ምህንድስና ተማረ።

በተጫዋችነቱ ግን ይህ ነው የሚባል ስም አልነበረውም። ግሪምስቢ፣ ስዊንደን፣ ኖርዝሃምፕተን፣ ሼፊልድ ዩናይትድ፣ ኖትስ ካውንቲ እያለ ከክለብ ክለብ ሲዞር ኖረ። ብዙውን ጊዜም የሚጫወተው ያለ ደመወዝ፣ በአማተርነት ነበር። የአርሰናል ደጋፊዎችን ፈገግ የሚያሰኘው ከ1905 እስከ 1907 ለብሶት የነበረው ማሊያ የቶተንሃም መሆኑ ነው። እዚያም ቢሆን ከጨዋታው ይልቅ የሚታወሰው በቢጫ ጫማው ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ኳስ ተጫዋች የሚባለው፣ ከሼፊልድ ዌንስዴይ ጋር በ1903 እና በ1904 የሊጉ ሻምፒዮን የሆነው ወንድሙ ሃሪ ነበር።

በ1907 ኖርዝሃምፕተን ታውን ተጫዋችም አሰልጣኝም አድርጎ ሲቀጥረው ክለቡ የሳውዘርን ሊግ ግርጌን የለመደ ቡድን ነበር። በ1909 ያው ቡድን የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ዘመን አሰልጣኝ የሚባለው ሰው ስራው በአብዛኛው ደብዳቤ መጻፍና ደመወዝ መክፈል ነው። ተጫዋቾች ሜዳ ገብተው እንደየችሎታቸው ይራወጣሉ እንጂ አስቀድሞ ስለ ታክቲክ የሚያወራቸው አልነበረም። ቻፕማን ግን ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ማወያየት ጀመረ። ያለ እረፍት የሚያጠቃ ቡድን ጀርባውን ባዶ እንደሚተው አስተዋለ። ሳብ ብሎ ተጋጣሚን ከጎሉ ማስወጣት፣ ከዚያ በተከፈተው ሜዳ መምታት የእሱ ዘዴ ሆነ። በዚያው በ1909 ኖርዝሃምፕተን ለቻሪቲ ሺልድ ዋንጫ ተጫውቶ 2ለ0 ተሸነፈ። ያሸነፈው ኒውካስል ነው። ይህ ስም በቻፕማን ህይወት ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል።

ከእድሜ ልክ እገዳ ወደ ሻምፒዮንነት

በ1912 ሊድስ ሲቲን ተረከበ። ቡድኑን እያሻሻለ ሳለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ እሱም ባርንቦው በተባለ የጥይት ፋብሪካ በኃላፊነት ይሰራ ጀመር። ጦርነቱ ሲያበቃ መዘዙ መጣ። ሊድስ ሲቲ በጦርነቱ ጊዜ ለተጫዋቾች ከህግ ውጪ ገንዘብ ከፍሏል ተብሎ ተከሰሰ፤ ሰነዶቹን አላስረክብም በማለቱም በ1919 ከሊጉ ተባረረ። ተጫዋቾቹ እንደ እቃ በጨረታ ተሸጡ። ቻፕማንም ከኳስ ለእድሜ ልክ ታገደ።

ሰውየው 40 ዓመት አልፎታል። ኳስ በቃው ተብሎ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ መስራት ያዘ። ጎረቤቱ ሃደርስፊልድ ግን ፈለገው። ከህግ ውጪ የሆነው ክፍያ ሲፈጸም እሱ በጥይት ፋብሪካው ስራ ላይ እንደነበር ይግባኝ ተባለለትና እገዳው ተነሳ። በ1921 የሃደርስፊልድን መንበር ያዘ።

በዓመቱ፣ በ1922፣ ሃደርስፊልድ ለኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ከፕሬስተን ጋር ተገናኘ። ጎል ጠፋ። በሁለተኛው አጋማሽ የሃደርስፊልዱ ክንፍ ተጫዋች ቢሊ ስሚዝ በፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ ላይ ተጠለፈ። ዳኛው ወደ ነጥቧ አመለከተ። ጥፋቱ ከሳጥኑ ውጪ ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ፤ ሆኖም ደግሞ የሚያሳይ ስክሪን የለም። ስሚዝ ራሱ መትቶ አገባት። ጨዋታው 1ለ0 አለቀ። የቻፕማን የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫ እንዲህ በአንዲት አጨቃጫቂ መስመር ላይ ቆማ መጣች።

በ1924 ደግሞ የሊጉ ዋንጫ በቁጥር ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለ። ሃደርስፊልድና ካርዲፍ ሲቲ እኩል 57 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። በጊዜው የሚሰራው የጎል ልዩነት ሳይሆን ያስቆጠሩት ጎል ለተቆጠረባቸው ተካፍሎ የሚገኘው ውጤት ነው። ሃደርስፊልድ 1.818፣ ካርዲፍ 1.794 ሆኑ። ካርዲፍ በመጨረሻው ጨዋታ ፔናሊቲ ስቶ ነበር። በ1925 ሃደርስፊልድ ዋንጫውን ደገመ። ቻፕማን ከሄደ በኋላም በ1926 ቡድኑ ሶስተኛውን በተከታታይ አነሳ። ሶስት ተከታታይ ሻምፒዮንነት በእንግሊዝ ሊግ ታይቶ አያውቅም ነበር።

ሶስት የነበረው ሁለት ሲሆን

በ1925 የእንግሊዝ ኳስ ታሞ ነበር። በሽታው ኦፍሳይድ ነው። ከ1866 ጀምሮ ይሰራበት በነበረው ህግ መሰረት ኳስ በሚሰጠው ቅጽበት በአጥቂውና በጎሉ መስመር መካከል ቢያንስ ሶስት ተጋጣሚዎች መኖር አለባቸው። ግብ ጠባቂውና ሁለቱ ፉልባኮች ማለት ነው። እንግዲህ ከሁለቱ ፉልባኮች አንዱ ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ከወጣ አጥቂው ኦፍሳይድ ነው። ወጥመዱ ባይዝ እንኳ ሌላው ፉልባክ ከኋላ ስለሚጠብቅ የሚያሰጋ ነገር የለም።

ይህን ጨዋታ ከማንም በላይ የተካነው የኒውካስሉ አየርላንዳዊ ተከላካይ ቢል ማክራከን ነበር። በየሜዳው እየተጮኸበት አጥቂዎችን በፊሽካ ሲያስቆም ኖረ። በ1923 ከኒውካስል ቢለቅም ትምህርቱ ተዛምቶ ሌሎች ክለቦችም ያዙት። ጨዋታው በሜዳው መሀል በጠባብ ቦታ ላይ መጋፋት ሆነ። ጎል ቀነሰ፤ ተመልካቹም ሰለቸ። በመጨረሻ የህግ አውጪው ቦርድ ከስኮትላንድ የቀረበለትን ሀሳብ ተቀብሎ በጁን 1925 ሶስቱን ወደ ሁለት አወረደው።

ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ግን አንዱ ፉልባክ ወደ ኋላ ከቀረ እሱና ግብ ጠባቂው ሁለት ስለሚሆኑ አጥቂው ኦፍሳይድ አይደለም። ወጥመዱ እንዲሰራ ሁለቱም መውጣት አለባቸው፤ ሁለቱም ወጥተው ካልያዘ ደግሞ የቀረው ግብ ጠባቂው ብቻ ነው። ውጤቱ ወዲያው ታየ። በ1924-25 በአንደኛው ዲቪዚዮን 1,192 ጎል ተቆጥሮ ነበር። በቀጣዩ የውድድር ዘመን በተመሳሳይ የጨዋታ ብዛት 1,703 ጎል ገባ።

ቻፕማን አርሰናልን የተረከበው በዚሁ የእረፍት ወራት ነው። አርሰናል ያኔ ከ22 ክለቦች 20ኛ ሆኖ ከመውረድ የተረፈ፣ አንድም ትልቅ ዋንጫ የሌለው ቡድን ነበር። የክለቡ አለቃ ሰር ሄንሪ ኖሪስ አሰልጣኝ ፍለጋ በጋዜጣ ባስነገረው ማስታወቂያ፣ በውድ ዋጋ ተጫዋች መግዛት የሚያምረው ሰው እንዳያመለክት አስጠንቅቆ ነበር። ቻፕማን ገና ከመግባቱ የ33 ዓመቱን የሰንደርላንድ አጥቂ ቻርሊ ቡካንን አስፈረመ። የሂሳቡ ስምምነት 2 ሺህ ፓውንድ በእጅ፣ ለእያንዳንዱ ጎል ደግሞ 100 ፓውንድ የሚል ነበር። ቡካን በመጀመሪያው ዓመት 21 ጎል አገባና ኖሪስ 4,100 ፓውንድ ከፈለ።

የቡካን ትልቁ አስተዋጽኦ ግን ጎሉ አልነበረም። በኒውካስሉ የ7ለ0 ሽንፈት በግኖ፣ ቀድሞም ሲወተውት የነበረውን ሀሳብ ዳግመኛ አነሳ። ህጉ ተቀይሯል፤ በመሀል የሚንጎራደደው ሴንተር ሃፍ ወደ ኋላ ተስቦ በሁለቱ ፉልባኮች መካከል ይቁም ነው የሚለው። ቻፕማን አዳመጠ። ጃክ በትለር ሶስተኛ ተከላካይ ሆነ። ከፊት አምስት ከነበሩት አጥቂዎች አንዱ ወደ ኋላ ተስቦ የጎደለውን አማካይ እንዲሸፍን ተደረገ። ለዚህ ስራ የተመረጠው የሶስተኛው ቡድን ተሰላፊ የነበረው፣ ቀርፋፋ ቢሆንም ኳስ የሚያውቀው አንዲ ኒል ነው። የዌስትሃሙ 4ለ0 የዚህ ሙከራ ውጤት ነበር።

ሀሳቡን የሞከሩ ሌሎች ክለቦችም ነበሩ። ቻፕማን የሚለየው ለእያንዳንዱ ቦታ ትክክለኛውን ሰው እስኪያገኝ አለመተኛቱ ነው። ለሶስተኛው ተከላካይ ቦታ ኸርቢ ሮበርትስን በ200 ፓውንድ ከትንሽ ክለብ አመጣ። በ1928 ዴቪድ ጃክን ከቦልተን በ10,890 ፓውንድ ሲገዛ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። በድርድሩ ዕለት ለቦልተን ሰዎች መጠጡ በደንብ እንዲቀዳላቸው፣ የእሱ ብርጭቆ ውስጥ ግን አልኮል እንዳይገባ አስተናጋጁን አስጠንቅቆ እንደነበር እስከ ዛሬ ይተረካል። በ1929 ኳስ አከፋፋዩ አሌክስ ጄምስና የ17 ዓመቱ ክሊፍ ባስቲን መጡ። ከኋላ ሶስት፣ መሀል ላይ ሁለትና ሁለት፣ ከፊት ሶስት የሆነው ደብሊው ኤም ተሟላ።

ቻፕማን ዋንጫ ለማምጣት አምስት ዓመት እንደሚፈጅበት ተናግሮ ነበር፤ እንዳለውም ሆነ። በ1927 በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ በካርዲፍ 1ለ0 ቢሸነፍም፣ በ1930 ዌምብሌይ ላይ የቀድሞ ክለቡን ሃደርስፊልድን 2ለ0 ረትቶ ለአርሰናል የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ አስገኘ። በዓመቱ በ66 ነጥብና በ127 ጎል የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ተቺዎች ሶስተኛው ተከላካይ ጨዋታ ገዳይ ነው፣ አርሰናልም እድለኛ ነው ይሉ ነበር። በአንድ ነገር አልተሳሳቱም፤ ጎል እንዲበዛ የተቀየረው ህግ መከላከል ብቻ ስራው የሆነ ተጫዋች ወልዷል። ዳሩ 127 ጎል ያስቆጠረን ቡድን በእድል ብቻ ማስረዳት ይከብዳል።

ኳሷ ወጥታ ነበር

ኤፕሪል 23 ቀን 1932 አርሰናል እንደገና ዌምብሌይ ገባ። ተጋጣሚው ኒውካስል ነው። አሌክስ ጄምስ በጉዳት የለም፤ ቢሆንም ቦብ ጆን አገባና አርሰናል 1ለ0 መራ። ከእረፍት በፊት ረጅም ኳስ ወደ አርሰናል የጎል መስመር ተላከች። የኒውካስሉ ጂሚ ሪቻርድሰን ተሯሩጦ ደረሰባትና ወደ መሀል መለሳት። የአርሰናል ተከላካዮች ኳሷ ወጥታለች ብለው ዘና ባሉበት ጃክ አለን አገባት። ዳኛው ጎሉን አጸደቀ። አለን በሁለተኛው አጋማሽ ደገመና ዋንጫው 2ለ1 ወደ ኒውካስል ሄደ።

ከጨዋታው በኋላ የወጡት ፎቶግራፎችና የዜና ፊልሞች ኳሷ ከመመለሷ በፊት መስመሩን አልፋ እንደነበር አመለከቱ። በካሜራ የተያዘ የዳኛ ስህተት በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ እንዲህ ያነጋገረበት ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። ፊልሙ ግን ፍርዱን የሚለውጥበት መንገድ የለውም። ከአስር ዓመት በፊት መስመር የሰጠችውን ዋንጫ አሁን ሌላ መስመር ወሰደችበት። በዚያው ዓመት ሊጉንም በኤቨርተን ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ። ባዶ እጁን ቀረ።

የቻፕማን መልስ ስራ ነበር። በ1933 አርሰናል እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። ከሜዳ ውጪም ጭንቅላቱ አላረፈም። በ1928 ተጫዋቾቹን ቁጥር አልብሶ አሰለፈ፤ ሊጉ ቁጥርን ግዴታ ያደረገው በ1939 ነው። በ1932 ሃይበሪ ላይ የመብራት ፓውዛ አስተከለ፤ በመብራት ይፋዊ ውድድር ማካሄድ የተፈቀደው እሱ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ተመልካቹ ደቂቃውን እንዲከታተል 45 ደቂቃ የሚቆጥር ትልቅ ሰዓት ሰቀለ፤ ፌዴሬሽኑ የዳኛውን ስልጣን ይጋፋል ብሎ አስወረደውና በተራ ሰዓት ተተካ። ጊሌስፒ ሮድ ይባል የነበረው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በ1932 አርሰናል ተብሎ እንዲሰየም አደረገ። ቀዩ ማሊያ በ1933 ነጭ እጅጌ ያገኘውም በእሱ ዘመን ነው።

በ1934 መጀመሪያ አርሰናል ሊጉን ይመራ ነበር። ቻፕማን በአዲስ ዓመቱ ሳምንት ተጫዋች ለማየትና ተጋጣሚን ለመሰለል ወደ ሰሜን ተጉዞ ብርድ መታው። እረፍት አድርግ ቢባልም የሶስተኛውን ቡድን ጨዋታ ለማየት ወደ ጊልፎርድ ሄደ። ጉንፋኑ ወደ ሳንባ ምች ተቀይሮ ጃንዋሪ 6 ሌሊት በ55 ዓመቱ ህይወቱ አለፈ። በዚያው ቀን ተጫዋቾቹ ሃይበሪ ላይ ከሼፊልድ ዌንስዴይ ጋር ተጫውተው 1ለ1 ተለያዩ። አርሰናል በ1934 እና በ1935 ዋንጫውን አንስቶ እንደ ሃደርስፊልድ ሶስት ተከታታይ ዓመት ነገሠ። የሁለቱም ክለቦች ሶስተኛ ዋንጫ ሲመጣ መሰረቱን የጣለው ሰው በቦታው አልነበረም።

ዘጠና አንድ ዓመት ቆይቶ

ቪዲዮ ለዳኛ እንዲያገለግል በጨዋታ ህግ ውስጥ የገባው በ2018 ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በ2019-20 ጀመረው። የ1932ቱ ጎል ዛሬ ቢሆን ይሻር ነበር የሚል ሰው ብዙ ነው። ኖቬምበር 4 ቀን 2023 የሆነው ግን ያንን እምነት ይፈትናል። ኒውካስልና አርሰናል ሴንት ጀምስ ፓርክ ላይ ተገናኙ። የቀድሞው የአርሰናል ልጅ ጆ ዊሎክ በጎሉ መስመር ላይ ኳስ አዳነ። ጆሊንተን ከገብርኤል ጋር ተሻማ፤ አንቶኒ ጎርደንም አገባ። ቫር ከአራት ደቂቃ በላይ ፈትሿል። ኳሷ ወጥታለች ወይ? ጥፋት አለ ወይ? ኦፍሳይድ ነው ወይ? ለሶስቱም ጥያቄ ጎሉን የሚያሽር በቂ ማስረጃ አልተገኘም። አርሰናል 1ለ0 ተሸነፈ። ክለቦቹ ያው፣ የጎሉ መስመር ጥያቄም ያው ነው።

ኦፍሳይድን ለመለካት ቴክኖሎጂው ገፍቷል። በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ ከፊል አውቶማቲክ ዘዴ ሰራ፤ በኤፕሪል 2025 ፕሪሚየር ሊጉም ተቀበለው። ሌላው የአርሰናል ታላቅ አሰልጣኝ አርሰን ቬንገር ደግሞ በፊፋ ኃላፊነቱ መለኪያውን ሳይሆን ህጉን መንካት መርጧል፤ የአጥቂው የትኛውም የሚያገባበት የአካል ክፍል ከተከላካዩ ጋር እኩል ከሆነ ኦፍሳይድ አይባል የሚል ሀሳብ አቅርቧል። የቻፕማንና የቬንገር ሐውልቶች ዛሬ ኤምሬትስ ስታዲየም ደጃፍ ላይ ቆመዋል።

የ1925ቱ ታሪክ የሚያሳየው የህግ ለውጥ አጥቂን ብቻ እንደማይጠቅም ነው። ዛሬም መስመሩ በሚሊ ሜትር ቢለካ ወይም ህጉ ለአጥቂው ቢላላ፣ ተከላካዮች ሌላ መቆሚያ መፈለጋቸው አይቀርም። ያኔም እንደ 1925ቱ አርሰናል ቀድሞ 7ለ0 የሚቀምስ ቡድን ይኖራል። ሁለት ቀን ቆይቶ የሚነቃው አሰልጣኝ ማን ይሆን?